ብቻውን የሚያጠና ተማሪ

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው የማየርሆፍ ስኮላርስ ፕሮግራም መነሻው ጥቁር አሜሪካውያንን በሳይንስና በሒሳብ ማብቃት ነበር፤ ከ1996 ወዲህ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ስሙ ሲነሣ አስቀድሞ የሚወሳው የገንዘብ ድጋፉ ነው። ድጋፉ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የካልኩለስ ጥያቄ አይፈታም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ የመጣ ወጣት እርዳታ መጠየቅን እንደ ውርደት ይቆጥራል፤ በሩን ዘግቶ ያጠናል፤ የመጀመሪያው ፈተና ሲከብደው የሚጠራጠረው ዝግጅቱን ሳይሆን ችሎታውን ነው። መስኩን ለመለወጥ የሚያስበውም ያን ጊዜ ነው።

ፕሮግራሙ አዲስ ገቢዎችን መደበኛው ትምህርት ሳይጀመር ለስድስት ሳምንታት አብረው እንዲኖሩና እንዲማሩ ያደርጋል። በኮቪድ-19 ክትባት ምርምር የታወቀችው ኪዝሜኪያ ኮርቤት የዚሁ ፕሮግራም ተማሪ ነበረች። በጥናት ቡድኑ ውስጥ «አልገባኝም» ማለት አያሳፍርም፤ ገባኝ ያለውም ለባልንጀራው ሲያስረዳ የራሱን ክፍተት ያገኘዋል።