የሠሪው ስም

ከየካ ሽቅብ ወጥቶ ከእንጦጦ ራስ ላይ ሆኖ አዲስ አበባን ቍልቍል የሚመለከት ሰው የሕንጻዎቿን ውበት ያደንቃል እንጂ የሠሪዎቻቸውን ስም ከቶ አይጠይቅም። እኔ ግን ዘወትር የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አርቱሮ ሜዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1922 በኢጣልያ ተወልዶ የመሐንዲስነት ሥራውን በአሥመራ የጀመረ ሰው ነበር። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ፥ ቀጥሎም የማዘጋጃ ቤቱን ሕንጻ ፕላን ያወጣ እርሱ ነው። አፈወርቅ ተክሌም 150 ሜትር ካሬ የሚሆነውን ባለቀለም የመስተዋት ሥዕሉን በአዳራሹ አኖረበት።

የአፍሪካ መሪዎች በ1955 ዓ.ም. የአንድነታቸውን ቃል ኪዳን የፈረሙት በዚሁ ጣራ ሥር ነው። የፈራሚዎቹን ስም ተማሪው ሁሉ ያጠናል፤ ጣራውን ያሰበውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኛም ስማችን በማይጻፍበት ወረቀት ላይ ስንደክም የምንውል የመንግሥት ሠራተኞች፥ የዚህን ሰው ስም ብንዘነጋ የገዛ ድካማችንን እንደ መካድ ይቈጠርብናል።