ከኀዘን ቅኔው በኋላ

ዳዊት ለወዳጁ ለዮናታን ሁለት ነገር አደረገለት። አንደኛውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በጊልቦዓ ተራራ መውደቁን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ ጾመ፣ የኀዘን ቅኔም ተቀኘለት። ይህ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ተጽፏል። ሁለተኛውን ለማግኘት ግን እስከ ምዕራፍ 9 መሄድ ያስፈልጋል። በመካከሉ ጦርነት አለ፣ መንገሥ አለ፣ ታቦቱን ወደ ኢየሩሳሌም ማምጣት አለ። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ዳዊት ስለ ዮናታን ሲል ቸርነት የሚያደርግለት ሰው ከሳኦል ቤት ቀርቶ እንደሆነ ጠየቀ። ሁለት እግሮቹ ሽባ የሆኑ ሜምፊቦስቴ የሚባል የዮናታን ልጅ በሎዶባር፣ በሰው ቤት ተጠግቶ ተገኘ። አባቱ ሲሞት የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ንጉሡ ሲያስጠራው እሱም ልጅ ወልዶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከንጉሡ ማዕድ በላ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ላይ ስለ ተደረገ አንድ የጃዝ ዝግጅት ልነግራችሁ ስለ ፈለግሁ ነው። ጃዝና ሜምፊቦስቴ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ጓደኛችን ሐሙሲት ተወልዶ ያደገ ልጅ ነበር። ኪቦርድ መነካካት የጀመረው በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኳየር ውስጥ ነው። በኋላ ባሕር ዳር ገብቶ ሳክስፎን ተማረ፤ በሆቴሎችም መጫወት ጀመረ። አንዳንዶቻችን በዚህ አዘንበት፣ አንዳንዶቻችን ጸለይንለት፤ እሱ ግን ሐሙሲት በመጣ ቁጥር እሑድ ጠዋት ከኋላ ወንበር አይጠፋም ነበር። ከዚያ ኩላሊቱ ታመመ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ፣ በሚኒባስ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ለእጥበት ይመላለስ ጀመር። እናቱ መጀመሪያ ላሟን ሸጡ፣ ቀጥሎ ተበደሩ። በ34 ዓመቱ ሲያርፍ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅና ያልተከፈለ ብድር ትቶ ሄደ።

አብረውት ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች አርባ ቀኑ ካለፈ በኋላ ተሰባሰቡ። በጣና ዳር ባለ አንድ አዳራሽ በእሱ መታሰቢያነት ሊጫወቱ፣ የመግቢያውም ገቢ በሙሉ ለብድሩና ለልጅቱ ትምህርት ሊውል ተስማሙ። ለእኛም ጥሪው ደረሰን።

በወጣቶች ሰዓት ላይ ነገሩ ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች መጡ። አንዱ ወንድም፣ «መምህር፣ የሚጫወቱት ዓለማዊ ነው፤ መሄድ ይገባናል?» አለ። አንዲት እህት ደግሞ ከዚያ የከበደ ጥያቄ ጠየቀች፤ «እኛ ተዝካር አናወጣም። ይህ ከተዝካር በምን ይለያል?»

ጥያቄያቸው የቀልድ አልነበረም፤ እኔም በቀልድ አልመለስሁም። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤቶቻችን በአርባውም በዓመቱም ተዝካር ያወጣሉ፤ ድሀ ይበላል፣ መንገደኛ ይጠጣል። እኛ የሞተ ሰው መዳን በክርስቶስ ሥራ ብቻ ነው ብለን ስለምናምን ይህን ሥርዓት አንፈጽምም። እምነታችን ነውና አላፍርበትም። ነገር ግን ወጣቶቹን መልሼ ጠየቅኋቸው፤ ለሞተው የሚደረገውን ጸሎት ስንተው፣ ለቀሩት የሚቀርበውን እንጀራም አብረን ትተነው ይሆን? ወንጌላዊ ሰው ሲሞት ቀብሩ ላይ በተስፋ እንዘምራለን፣ ሦስት ቀን እናጽናናለን። በስድስተኛው ወር የዚያን ቤት በር የሚያንኳኳው ማን ነው?

ብዙ ክርክር አልተካሄደም። አሥራ አንድ ሆነን በአንድ ሚኒባስ ሄድን። የሟች እናትም ከእኛ ጋር ነበሩ።

በአዳራሹ በር ላይ አንድ ጠረጴዛና አንድ ደብተር ነበር። የሚገርመው፣ ደብተሩን የያዙት ከሐሙሲት የመጡት የዕድራችን ጸሐፊ ነበሩ። ሙዚቀኞቹ ገንዘቡን ራሳቸው ሊይዙት አልፈለጉም፤ «በዕድር እጅ ይሁን፣ ሰው ያምነዋል» ብለው እሳቸውን አስመጥተዋል። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት የሰጪው ስምና የሰጠው ብር በተራ ይጻፋል። በዚያን ቀን መጠጥ እንዳይሸጥ የጠየቁትም እኛ አይደለንም፤ «እናቱና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣሉ» ብለው ያስከለከሉት እነሱ ናቸው።

ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ትራምፔት፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ሳክስፎን። በትዝታ ቅኝት ጀምረው በአምባሰል ቀጠሉ። እናቱ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ወንበር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። መሀል ላይ ሳክስፎን ተጫዋቹ ብቻውን ቆመ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። ድምፁ ከፍ እያለ፣ እየተቆረጠ፣ እንደገና እየተነሣ መጣ። እማማ ቀና አሉ። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼማ ያባቱ ሽለላ ነው። እርሻ ውሎ ሲመለስ የሚለው ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ተጫዋቹ መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «እማማ፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። የአባቴ ነው እያለ ይጫወተው ነበር» አላቸው።

ሽለላን በሳክስፎን መጫወት የተለመደ ነገር አይደለም፤ አባት አለው። ጌታቸው መኩሪያ ይባላሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ውስጥ ሲጫወቱ፣ ጀግና ወደ ጦርነት ሲሄድ የሚያሰማውን የሽለላ ድምፅ ወደ ሳክስፎን ያመጡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 በሸክላ አስቀረጹት፤ በ2016 እስኪያርፉም ድረስ በዚያ ይታወቁ ነበር። የሐሙሲቱ ልጅ የአባቱን ድምፅ በነሐስ ውስጥ ማስገባት የቻለው እሳቸው ያን መንገድ ስለ ከፈቱ ነው።

ወደ ኋላ ትንሽ ራቅ ብንል ደግሞ ይህ የነሐስ ሙዚቃ ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ እናገኛለን። ወጣቶች ልብ እንድትሉት የምፈልገው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም ውስጥ የነሐስ ሙዚቃ የሚጫወቱ ልጆች አዩ። ልጆቹ በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ፣ አባትና እናት የሌላቸው ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የመንግሥት ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። እንግዲህ ዛሬ «የኢትዮ ጃዝ» ብለን የምንሰማው ነገር ከሥሮቹ አንዱ ወላጅ አልባ ልጆችን ተቀብሎ ማሳደግ ነው። ሜምፊቦስቴ ወደ ማዕድ ሲጠራ ማዕዱ ራሱ ይበዛል።

ጃዝ በተወለደበት በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ልክ እንደ ዕድራችን ማኅበር አቋቁመው መዋጮ ያዋጡ ነበር። አባል ሲታመም ይረዱታል፤ ሲሞት ማኅበሩ ቀብሩን ይችላል፣ የነሐስ ሙዚቃም ያስመጣል። ወደ መቃብር ሲሄዱ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በቀስታ፣ በኀዘን ይጫወታሉ። አስከሬኑ ከተሸኘ በኋላ ሲመለሱ ዜማው ይለወጣል፤ ደስታ ይሆናል። በትንሣኤ የምናምን እኛ ይህን መረዳት አይከብደንም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ኀዘንን አልከለከለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው የከለከለው። እኔን ግን ከዜማው ይልቅ የሚነካኝ መዋጮው ነው። ከዚያ ሁሉ ጥሩንባ በስተጀርባ በየወሩ የሚሰበሰብ ሳንቲም፣ የታመመን የሚጠይቅ ሰው ነበረ።

ይህን ስል በሆቴል ቤት የሚዘፈነው ሁሉ ለነፍሳችን ይጠቅማል ማለቴ አይደለም። ጳውሎስ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ ባለው መሠረት እያንዳንዳችሁ መመርመር አለባችሁ። ነገር ግን ፈተናው ከየትኛው ቤት እንደ መጣ በማየት ብቻ አያልቅም። የሳምራዊውን ምሳሌ የነገረን ጌታ፣ ቁስሉን ያሰረውን ሰው እንድናይ አድርጎናል፤ በዚያ መንገድ ያለፈው ካህንም ሌዋዊም መዝሙር የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

የዚያን ቀን የተሰበሰበው ገንዘብ ብድሩን ከፈለ፤ የቀረው በዕድሩ ስም ተቀምጦ የልጅቱ የትምህርት ወጪ ከዚያ ይወጣል። የወጣቶች ኅብረታችንም ራሱን የቻለ ደብተር ከፈተ። በደብተሩ ላይ ካለፉት አባሎቻችን በኋላ የቀሩት ሰዎች ስም አለ፤ ባል የሞተባት፣ ልጅ የሞተባቸው አዛውንት፣ አባት የሌለው ተማሪ። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን። አንዳንዱ ቤት የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ደብዳቤ የሚያነብ፣ አብሮ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው። በየቤቱ እየሄድን አንድ ነገር ታዘብሁ፤ ስለ ሟቹ ለመናገር የሚፈልጉ እንጂ የማይፈልጉ ጥቂት ናቸው። የሚጠይቃቸው ግን የለም። እኛ ያለፈውን ቁስል እንዳንነካ ስንፈራ፣ እነሱ ስሙን የሚጠራ ሰው ይናፍቃሉ።

እናንተም በየቤተ ክርስቲያናችሁ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለዚህ አዳራሽም ሳክስፎንም አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ማንን ቀበራችሁ? ስሙን ጻፉ። ከሥሩ በቤቱ የቀሩትን ጻፉ። ከዚያ ዳዊት የጠየቀውን ጠይቁ፤ ስለ እሱ ብዬ ቸርነት የማደርግለት ማን ቀርቷል? ዳዊት ይህን እስኪጠይቅ ድረስ ሕፃኑ አድጎ የልጅ አባት ሆኖ ነበር። እኛ ያን ያህል ልንዘገይ አይገባንም።