የሁለት ነፍስ ዘበኛ

በእንጅባራ የጥር ወር የፈረስ ወር ነው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፥ ጥር 23 ቀን የአገሩ ሰው ፈረሱን ሸልሞ በዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። እኛ ግን በ2011 ዓ.ም. በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያሳለፍነውን ሌሊት ስናስታውስ፥ በጆሯችን የሚመላለሰው የፈረስ ኮቴ ሳይሆን የእኅታችን የምጥ ድምፅ ነው።

እኅታችን የበኵር ልጇን ለመውለድ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ሌሊቷ ነበረ። ሴቶቹ «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ከበዋታል። ፈረስ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ምጥ ለያዛት ሴት አይሆንምና፥ የመንደሩ ጐልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አደረሱልን። ከሆስፒታል ስንደርስ ሕፃኑ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደማይወለድ ተነገረን። ቀዶ ሐኪሙ ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት የነበረው የሰመመን ባለሙያ አንድ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ከሌላ በሽተኛ ራስጌ ቆሞ ነበርና መጠበቅ ግድ ሆነ። እኛም በብርዱ ከደጅ ቆመን፥ ቢላዋ የሚይዝ ተገኝቶ ሕመም የሚያስታግሥ ሲጠበቅ ጊዜ እንዴት እንደሚረዝም ተማርን።

ከዚያ በፊት ሰመመን ሰጪ ማለት በሽተኛውን አስተኝቶ የሚሄድ ሰው ይመስለን ነበር። እኅታችን ግን አልተኛችም። ባለሙያው በወገቧ አጥንቶች መካከል በቀጭን መርፌ መድኃኒት ሰጥቶ ከደረቷ በታች አደነዘዛት። ጥቂት ቈይታ «አቅለሸለሸኝ» ስትል፥ የደም ግፊቷ መውረዱን ወዲያው ዐወቀ። ማኅፀን በትልቁ የደም ሥር ላይ ሲጫን ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳልና፥ ወደ ግራ ጐኗ ዘንበል አድርጎ፥ በደም ሥሯ የሚገባውን ፈሳሽ አፍጥኖ፥ ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት ጨመረላት። ወዲያው የሴት ልጇን የመጀመሪያ ልቅሶ በገዛ ጆሮዋ ሰማች። ይህን ሁሉ ሲነጋ ባለሙያው ራሱ አስረዳን።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ጄምስ ያንግ ሲምሰን የተባለ የኤዲንብራ ሐኪም በመጀመሪያ ኤተር፥ ቀጥሎም ክሎሮፎርም ለወላዶች ሲሰጥ፥ የምጥን ሕመም ማስታገሥ የፈጣሪን ቃል መቃወም ነው ያሉ ሰዎች ተነሡበት። እርሱም እግዚአብሔር ከአዳም ጐን አጥንት ሲወስድ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ እንደ ጣለበት ጠቅሶ መለሰላቸው። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ክሎሮፎርም ተሰጥቷት ስትወልድ ክርክሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። በወገብ በኩል የሚሰጠውን ሰመመን ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በ1898 አስጀመረ። አራስ ሕፃን ሲወለድ የሚመዘንበትን መለኪያ በ1953 ያወጣችው ቨርጂንያ አፕጋርም የሰመመን ሐኪም ነበረች።

እንግዲህ ነፍሰ ጡርን ማደንዘዝ ራሱን የቻለ ትምህርት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአየር ቧንቧዋ ስለሚያብጥ ቱቦ ማስገባት ያስቸግራል፤ የሆዷ ምግብ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ያሰጋል፤ ለእናቲቱ የተሰጠው መድኃኒትም ወደ ልጁ ይደርሳል። ስለዚህ በአሜሪካ የሰመመን ሕክምና ልዩ ሥልጠናውን የፈጸመ ሐኪም፥ በወላዶች ሰመመን ብቻ አንድ ዓመት ጨምሮ ሊማር ይችላል።

በአገራችን በሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 ሕያው ልደት በ2000 እ.ኤ.አ. 871፥ በ2016 ደግሞ 412 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል። መሻሻሉ የሚያስመሰግን ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. መንግሥት ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን በመጀመሩ፥ ቢላዋ የሚይዙ እጆች ወደ ገጠር ቀርበዋል። ነገር ግን ለአንድ ቀዳጅ አንድ የራስጌ ዘበኛ ካልተመደበ እጁ ታጥቦ መቆሙ ነው። የዚህን ሸክም አብዛኛውን ክፍል የተሸከሙት ሐኪም ያልሆኑት የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ እኛም እኅታችንን ያገኘነው ከእነርሱ በአንዱ እጅ ነው። እነርሱን የሚያስተምሩ፥ ከባዱ ነገር ሲመጣ የሚመክሩ፥ በዚህ ጥበብ በልዩ የሠለጠኑ ሐኪሞች በየታላላቁ ሆስፒታል ቢኖሩ፥ ጥቅሙ ከከተማ አልፎ እስከ እንጅባራ ይደርሳል ብለን እናምናለን። ዋና ከተማ ተምሮ ዋና ከተማ የሚቀር ትምህርት ግን ለአገው ምድር ወላድ ምን ይፈይድላታል?

እኅታችን ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎዋን ቀመሰ። ያች ሕፃን ዛሬ ፊደል ቈጥራለች፤ ፈረስም ትወዳለች። እኛም ፈረሰኛውን ስናወድስ፥ በዚያች ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን በሁለት ነፍስ ላይ ዘብ የቆመውን ሰው ልንረሳ አይገባንም።