በደረቅ ምድር የቆመው የባሕር ተራራ

ተራራ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ራስ ዳሸንን፥ ጉናን፥ ጮቄን እየጠራን አድገናል። ነገር ግን ከባሕር ሥር ተወልዶ፥ ባሕሩ ከሸሸው በኋላ በደረቅ ምድር የቀረ ተራራ መኖሩን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችንን በሐሳብ ይዘን ወደ አፋር ቆላ እንውረድ።

ከትግራይ ደጋ ተነሥተን ቁልቁል ስንጓዝ፥ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ፥ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወደሚዘቀዝቀው የዳሎል የጨው ሜዳ እንደርሳለን። ቀይ ባሕር ቀድሞ እስከዚያ ገብቶ ነበር። በስተ ሰሜን ያለው መሬት ከፍ ብሎ መግቢያውን ሲዘጋበት፥ ውሃው በፀሐይ ተንኖ አለቀ፤ ጨው ግን ቀረ። አሞሌ ጠርቦ በግመል ቅፍለት ወደ በርሐሌ የሚያወጣው ሠራተኛ የሚቈርጠው የዚያን ባሕር ቅሪት ነው።

ባሕሩ በነበረ ጊዜ ከሥሩ እሳተ ገሞራ ይፈነዳ ነበር። የቀለጠው ዐለት ውሃውን ሲነካ ውሃው በድንገት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ፈንድቶ ዐለቱን እንደ መስተዋት ስብርባሪና እንደ ዱቄት ያደርገዋል። ይኸው ድቃቂ በንብርብር ተከምሮ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ተራራ ሠራ።

እንዲህ ያለውን የባሕር ተራራ አሜሪካዊው ሊቅ ሃሪ ሄስ እ.ኤ.አ. በ1946 «ጉዮት» ብሎ ሰየመው፤ ጫፉንም የከረከመው ማዕበል ነው ብሎ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1970 ግን ቦናቲና ታዚየፍ የተባሉ ሊቃውንት የአፋሩን ተራራ መርምረው፥ ጠፍጣፋነቱ ከአፈጣጠሩ የመጣ እንደሚመስል ጻፉ። እንግዲህ ጉዮት ሁሉ የማዕበል ሥራ አይደለም ማለት ነው። ሌላው ዓለም በጥልቅ ውቅያኖስ የሚፈልገው ምስጢር በአፋር ምድር ላይ በገሃድ ተገልጧል።

የምድሩም ሥራ አላበቃም። የዐረብ፥ የኑብያና የሶማሌ የምድር ቅርፊቶች አሁንም እየተለያዩ ናቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አጠገብ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ፤ በደመራ ዕለትም እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ብዙ አፋሮች ከነከብቶቻቸው ሸሹ። ባሕሩ ተመልሶ መግባቱ ምናልባት የሚሊዮን ዓመታት ነገር ነው፤ የመንደርና የግጦሽ መጥፋት ግን የአንድ ቀን ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እመቤት ሆይ፥ የአፋርን ጨው በድስትሽ ስትጨምሪ፥ የጠፋውን ባሕር ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ በሚነቃነቅ ምድር ላይ የሚኖረውንም ወገን አስቢ።