ቀስቱ 12 ላይ ሲቆም

ባለፈው ጥር፣ አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከአባቴ ጋር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ መኪናው፣ የአባቴ ዲኤክስ፣ እምቢ አለ። አልቆመም፤ ይሄዳል። ግን አባቴ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦት እንኳ ፍጥነቱ አልጨምር ብሎ፣ ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ አልፎን ሄደ። በመስታወቱ ሳይ ጥቁር ጭስ ተከትሎናል። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ «አይዞህ፣ እዚህ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ትንፋሽ ያጥረዋል» አለኝ። ለማጽናናት የተናገረው መስሎኝ ዝም አልኩ።

መኪናው የ1982 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ሞተሩ 1290 ሲሲ፣ አዲስ እያለ ጉልበቱ ከ60 ፈረስ ብዙም የማይርቅ። እኔን ትምህርት ቤት ያመላለሰ፣ እህቴን በሰርጓ ቀን የወሰደ መኪና ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንደ አባቴ ላለ ጡረተኛ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ የዚህን ሞተር ነገር እንደ ቀላል አላየውም።

እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ1986 ሞዴል ቶዮታ ፒካፔ ኮፈን ሥር አልጠፋም። እዚህ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ጉልበት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያስበው የሚገዛውን ዕቃ ነው፦ ውድ ካንዴላ፣ የሚያብረቀርቅ የአየር ቱቦ፣ ሰፊ ማርሚታ። ሁሉም በካርቶን ታሽጎ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። አገር ቤት ደግሞ የተለመደው መንቀል ነው። ቴርሞስታቱ ይነቀላል፣ የጭስ ማጣሪያው ሆዱ ይበረቀሳል፣ ምን እንደሚሠሩ ያልታወቁ ቀጫጭን ቱቦዎች ተቆርጠው በብሎን ይደፈናሉ። ሁለቱንም ለዓመታት ሳይ ቆይቼ የደረስኩበት ነገር አለ። አሮጌ ሞተር ከምንም በላይ የሚፈልገው የራሱ ልክ ተለክቶ እንዲመለስለት ነው። የአዲስ አበባ ልክ ደግሞ ከመጽሐፉ ልክ ይለያል፤ ይህን የተማርኩት በአባቴ መኪና ላይ ነው።

ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ዕቃ ይዤ ነበር፤ አንዱ የእሳቱን ጊዜ የሚያሳይ ብልጭ የሚል መብራት፣ ሌላው ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ ክብ ሰዓት፣ የቫኪዩም መለኪያ። ሁለቱንም ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ከስልሳ ያለፉ ሰው ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩት በሴይቼንቶ ነው፣ ከዚያ ላዳ፣ ከዚያ ዲኤክስ። «ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብዬ መለኪያውን ከማኒፎልዱ ጋር አገናኘሁት። ቀስቱ ወጣና 12 ላይ ቆመ። አልተንቀጠቀጠም፤ ጸጥ ብሎ ቆመ። በሰዓቱ ፊት ላይ ግን ከ17 እስከ 22 ያለው አረንጓዴ ተቀብቶ «ጤነኛ» ተብሏል፤ 12 ከዚያ በጣም ይርቃል። ልቤ ወረደ። «ጋሼ፣ ይህ ሞተር ፋሻው አልቋል፤ መታደስ አለበት» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ረጅሙን ካቻቢቴ አንስተው ጫፉን ቴስታታው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። አንዱን ሲሊንደር፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው መዳፋቸውን ጭስ መውጫው ፊት ዘረጉና የምቱን እኩልነት ጠበቁ። በመጨረሻም አንድ ካንዴላ ፈትተው አሳዩኝ፤ ጫፏ እንደ ምጣድ ሥር ጥቀርሻ ለብሷል። «ልጄ፣ ይሄ ሞተር አልሞተም። ቤንዚን በዝቶበት ነው» አሉኝ።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አሰላሁ። በአረንጓዴ የተቀባው ልክ የባሕር ዳርቻ ልክ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር ገደማ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ቀስቱ አንድ ኢንች ሜርኩሪ ያህል፣ ማለትም በሰዓቱ ፊት አንድ ቁጥር፣ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከ17 እስከ 22 የሚለው እዚያ ከ10 እስከ 14 ወደሚሆን ይወርዳል። 12 መካከሉ ነው። የአባቴ ሞተር ጤነኛ ነበር፤ የእኔ ሰንጠረዥ የሌላ አገር ነበር። ኦሮራ ራሷ ከ1,600 ሜትር በላይ ሆና፣ ፒካፔ 15 ሲያሳይ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። በዚያ ንባብ ተነሥቼ አባቴን የማያስፈልግ የሞተር እድሳት ወጪ ውስጥ ልከተው እንደነበር ሳስብ አሁንም ይከብደኛል።

«ትንፋሽ ያጥረዋል» ያለው አባቴ ትክክል ነበር። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ማንም ሳይነካው፣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ለከፍታው ይገብራል። ይህን ማንም አይመልሰውም። የሚመለሰው ሌላው ነው። በካርቡራቶሩ ውስጥ ጄት የምትባል ባለ ቀዳዳ ነሐስ አለች፤ ቤንዚኑ በሷ በኩል ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ እሷ ቤንዚኑን ያን ያህል አትቀንስም። ድብልቁ ይወፍራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል። ጋሼ በማግስቱ ከመሳቢያቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ጄቶች ነበሩ። አንዷን ወደ ብርሃን አቅርበው፣ ዓይናቸውን አጥብበው የተቀረጸባትን ቁጥር አነበቡ፤ ቁጥሩ የቀዳዳዋ ስፋት ነው። ከነበረችው ጠበብ ያለችውን መርጠው ገጠሙ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀም። ለዓመታት የለቃቀሟቸው እንጂ በገንዘብ የመጡ አልነበሩም።

ቀጥሎ እሳቱ መጣ። አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ ቀስ ብሎ ይነድዳል፤ ስለዚህ ካንዴላው ትንሽ ቀደም ብሎ እሳት ቢሰጥ ሞተሩ ይወዳል። ጋሼ ይህን የሚያደርጉት በጆሮ ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ላላ አድርገው በጥቂቱ ያዞሩትና መኪናውን ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ቤንዚን ይረግጡበታል። ሞተሩ እንደ ጠጠር ማንኳኳት ሲጀምር ማንኳኳቱ እስኪጠፋ ድረስ ትንሽ ይመልሱታል። የእኔን መብራት አብርተን ስናየው የጋሼ ጆሮ ከመጽሐፉ ቁጥር በጥቂት ዲግሪ የቀደመ ነበር፤ ለዚህ ከፍታ መሆን ያለበትም እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄ ልለፍ። በአዲስ አበባ ልክ የተስተካከለ መኪና ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ይወፍርለታል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ እዚያ ማንኳኳት ከጀመረ እሳቱ መመለስ አለበት። ዝም ብሎ እያንኳኳ የተነዳ ሞተር ፒስተኑን ይበሳል።

ከፍታ በሞተር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኮሎራዶ ውስጥ ማደያ ላይ ተጽፎ ይታያል። በአብዛኞቹ ሌሎች ግዛቶች መደበኛው ቤንዚን 87 ኦክቴን ሲሆን፣ ዴንቨር አካባቢ 85 ይሸጣል። ካርቡራቶር በነበረበት ዘመን በከፍታ ላይ ሞተር በቀላሉ ስለማያንኳኳ የተለመደ ነው። ዛሬ ላሉት አዳዲስ መኪኖች ግን አብዛኛው መመሪያ 87 ይላል፤ ርካሹን እየቀዱ ለሚነዱ ወገኖቼ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከጋሼ ጋር የተከራከርነው በቴርሞስታቱ ነው። ከዲኤክሱ ተነቅሎ ነበር፤ መቼ እንደተነቀለ አባቴም አያስታውስም። ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦ «ራዲያተሩ በቧንቧ ውኃ ዝገት ተደፍኗል፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ይቀራል፣ ሞተሩ ይፈላል፣ ሰውዬው መንገድ ላይ ይቀራል። ብነቅለው ቤቱ ይገባል።» ይህን ምክንያት አልናቅሁትም። በእኔ ላይ የደረሰውን ግን ነገርኳቸው።

ኮሎራዶ ውስጥ፣ እኛ ባለንበት በዴንቨር አካባቢ፣ መኪና የጭስ ምርመራ አለበት። አሮጌውን መኪና ሮለር ላይ አውጥተው ያስኬዱትና የሚወጣውን ጭስ በግራም ይለካሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒካፔ በካርቦን ሞኖክሳይድ ወደቀ። የካርቡራቶር ማስተካከያ ብሎኑ ማንም እንዳይነካው ከፋብሪካው በብረት ቆብ የተደፈነ ነው። የብክለት መከላከያ ዕቃ መንቀልም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ መንቀል የማይቻል ሲሆን ምክንያቱን መፈለግ ብቻ ይቀራል። ለሦስት ቀን ፈለግሁ። በመጨረሻ ቴርሞስታቱን ፈትቼ በድስት ውኃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ምድጃ ላይ ጣድኩት። 82 ዲግሪ ላይ መከፈት የነበረበት ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃም አፉን ከፍቶ ነበር። ለወራት ሞተሬ ሳይሞቅ ሲሠራ ከርሟል ማለት ነው። ያልሞቀ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ ጠብታ ሆኖ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ፋሻውን ያስበላል። በርካሽ ዋጋ አዲስ ገጠምኩና ምርመራውን አለፈ።

የአዲስ አበባ ጥር ጠዋት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። ቴርሞስታት የሌለው ዲኤክስ ከቤታችን ተነሥቶ አባቴ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ጨርሶ አይሞቅም። ሌላው ሁሉ ቢስተካከል ይህ ካልተመለሰ ቤንዚን መብላቱ አይቆምም። ጋሼ ድስት አምጡ አሉ። ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን ቴርሞስታት በፈላ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ አፉን ሲከፍት፣ ሲያወጡት ደግሞ ሲዘጋ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግመው አዩት። «እሺ፤ ግን መጀመሪያ ራዲያተሩ ይጠረግ፣ ውኃውም ይቀየር» አሉ። ትክክል ናቸው። ራዲያተሩ ሳይጸዳ ቴርሞስታት መመለስ መንገድ ላይ መፍላትን መጋበዝ ነው። አጸዳን፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሞላን፣ ገጠምን።

ፊልትሮን በተመለከተ ብዙ አልልም። በኮምፕሬሰር እየተነፋ፣ በድንጋይ ላይ እየተመታ ዓመታት የሚያገለግል የወረቀት ፊልትሮ ተቀዶ አቧራ ያስገባል፤ አዲስ ግዙ። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ባዶውን ኮፈን ሥር የሚቀመጥ ሾጣጣ ፊልትሮ ደግሞ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል። አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ጥግግቱ 3 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የፋብሪካው ቱቦ ከፊት ቀዝቃዛ አየር እንዲያመጣ ቦታው መመለሱ ከዚያ ዕቃ ይሻላል። የድሮዎቹ ላዳዎች የፊልትሮ ክዳን ለበጋና ለክረምት እንዲዞር ተደርጎ የተሠራው በከንቱ አልነበረም።

ስለሚቆረጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በእኔ ፒካፕ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ቱቦዎች አሉ፤ እዚህም አገር ወጣቶች «ለማቅለል» ብለው ይነቅሏቸዋል። ከነዚያ አንዷ የምትሄደው ከፍታን ወደምታውቅ ትንሽ ቫልቭ ነው። መኪናው ከ1,200 ሜትር ገደማ በላይ ሲወጣ ቫልቩ ወደ ካርቡራቶሩ ተጨማሪ አየር ይለቅና ድብልቁን ያቀጥናል፣ እሳቱንም ያስቀድማል። ጋሼ በክብሪት ቀፎና በጆሯቸው የሚሠሩትን ሥራ ቶዮታ በአንዲት ቫልቭ ሠርቶት ነበር። ከአሜሪካ አሮጌ ቶዮታ ያስገባችሁ ካላችሁ፣ ያቺን ቱቦ አታስቆርጡ።

ሥራውን በጀመርን በአራተኛው ቀን ካንዴላዎቹን በ0.8 ሚሊሜትር ክፍተት ገጥመን፣ መለኪያውን እንደገና አገናኘሁ። ቀስቱ 13 ላይ ቆመ። ከሽሮ ሜዳ ስንወጣ አባቴ በሁለተኛ ማርሽ ጀምሮ አጋማሹ ላይ ሦስተኛ አስገባ፤ መስታወቱን አየሁ፣ ጭስ የለም። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን አወጣ።

መለኪያውን ለጋሼ ትቼላቸው መጣሁ። ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም ፎቶውን ላኩልኝ። ከ17 እስከ 22 ያለውን አረንጓዴ በነጭ ቀለም ሸፍነው፣ ከ10 እስከ 14 ያለውን የልጃቸውን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብተውታል። ከሥሩ በእጃቸው «አዲስ አበባ» ብለው ጽፈዋል።