እንኳን አደረሰህ የምንባባልበት ቀን



ውድ አንባቢያን! በዓል ምንድን ነው? ሥራ የሚዘጋበት፣ ሰንደቅ የሚሰቀልበት ቀን ብቻ ነውን? ወይስ አንድ ሕዝብ «እኔ የማከብረው ይህንን ነው» ብሎ በአደባባይ የሚሰጠው ምስክርነት ነው? ይህንን ጥያቄ እንዳነሳ ያደረገችኝ የወንድሜ ልጅ ናት።

አምና በታኅሣሥ ወር አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ቤተሰቡን ይዞ ለዚያራ መጥቶ ነበር። ታላቋ ልጁ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የአባቶቿን አገር ሳታይ አትመለስም ብዬ አንድ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነስተን፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የደጋ መንገድ ጨርሰን፣ አንኮበር ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ጉብታ ላይ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በስተምሥራቅ ግን ምድሩ ቁልቁል እየወረደ ወደ ቆላው፣ ከዚያም ወደ አፋር ሜዳ ይዘልቃል። የእኛ ቤተሰብ መሠረቱ ከታች ከአልዩ አምባ ነው። አያቶቻችን ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ እየጫኑ በዚያ ቁልቁለት ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል።

አንኮበር ላይ የቆመ ሰው ለልጅ የሚነግረው አያጣም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1841፣ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ከዐደን ተነስቶ፣ በታጁራ ወደብ ወርዶ፣ በረሃውን በግመል አቋርጦ እዚህ መጣ፤ ከንጉሡም ጋር ውል ተፈራረመ። ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን በ1842 እዚያው አልዩ አምባ ሰንብቶ ያየውን ጻፈ። በ1876 ደግሞ የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ኦራዚዮ አንቲኖሪ መጣ። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአንኮበር ብዙም የማይርቀውን ሌት ማረፊያን ሰጡት። አንቲኖሪ እዚያ ጣቢያ ሠርቶ፣ አእዋፍና አራዊት እየሰበሰበ ቆይቶ፣ በ1882 እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። በዚያ በረሃ ግመል የጫኑላቸው፣ ውሃ ያለበትን ያሳዩአቸውና መንገድ የመሩአቸው ሙስሊሞች ነበሩ። ይህንን ስናገር፣ አልደብቃችሁም፣ ኩራት ተሰማኝ።

ልጅቷ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ «አጎቴ፣ ታዲያ ለእነሱ እዚህ በዓል አላቸው?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። በትምህርት ቤቷ በየዓመቱ በጥቅምት ወር አንድ ሰኞ «የኮሎምበስ ቀን» እየተባለ ይዘጋ እንደነበረ፣ አሁን ስሙ ተለውጦ «የነባር ሕዝቦች ቀን» እንደተባለ፣ በዚህም ወላጆች ለሁለት ተከፍለው እንደተከራከሩ ነገረችኝ። «አንዱ ጓደኛዬ ጣሊያን ነው፤ ቀናችንን ወሰዱብን ይላል። እኔ ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም» አለች።

ውድ አንባቢያን! የዚህ ክርክር መነሻ ሩቅ ይመስላል እንጂ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኮሎምበስ መርከቡን ያስነሳው እ.ኤ.አ በ1492 ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በአንዳሉስ የመጨረሻዋ የሙስሊሞች ከተማ ግራናዳ እጅ ሰጥታ ነበር። ኮሎምበስ «አገኘሁት» ባለው ምድር የሚኖሩትን ሰዎች በ1495 ወደ 500 የሚጠጉትን አስሮ ለባርነት ወደ ስፔን ጭኗል፤ ብዙዎቹ በመንገድ ላይ አልቀዋል። ዛሬ የስፔን ብሔራዊ በዓል የሚውለው ኮሎምበስ ያንን ምድር በረገጠበት በጥቅምት 12 በእነርሱ አቆጣጠር ነው። በአሜሪካም ቀኑ በፌዴራሉ ሕግ የኮሎምበስ ቀን መባሉ ሳይቀር፣ በ2021 ፕሬዚዳንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው ዕለት የነባር ሕዝቦች ቀን እንዲታሰብ አውጀዋል። ሌላው ስመ ጥር አሳሽ ቫስኮ ዳ ጋማ ደግሞ በ1502 ከመካ የሚመለሱ ሑጃጆችን የያዘች መርከብ በባሕር ላይ አግኝቶ ሀብቷን ከዘረፈ በኋላ ወንድ ሴት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ከነነፍሳቸው አቃጥሏታል። ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚያስተምረን ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ ማግኘቱን ነው።

ወደ አንኮበሮቹ እንግዶች ልመለስ። ፍርድ ሚዛን ይፈልጋል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል። አንቲኖሪ መርከብ አላቃጠለም፤ ሰው አስሮ አልወሰደም። ወፍ ሰብሳቢ ሽማግሌ ነበር። በእርሱ ላይ ሌሎች የሠሩትን መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን በሩ በማን በኩል እንደተከፈተ አለማየትም ሞኝነት ነው። ሐሪስ ሸዋ ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንግሊዞች የሙሻን ደሴቶች ከታጁራው ሱልጣን በአሥር ጆንያ ሩዝ ወስደዋል። አንቲኖሪ በሞተበት በዚያው በ1882 የኢጣሊያ መንግሥት አሰብን የራሱ አደረገ። ከአንቲኖሪ በኋላ በሸዋ ቤተ መንግሥት ባለሟል የሆነው ፒዬትሮ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የውጫሌን ውል ያፈራረመው ነው። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኝቶ ወደ ዓድዋ አደረሰን። በእስልምና የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰደቃ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሌት ማረፊያ ስሙ የአንድ ሌሊት ማረፊያ ነው፤ እንግዳው ግን ዓመታት ተቀመጠ፤ ከኋላውም ባለ ውሉ መጣ፤ ከዚያም ባለ መድፉ ተከተለ።

እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰው ብሔራዊ በዓል ይገባዋልን? ለልጅቷ የሰጠኋት መልስ ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ በእኛ አገር በዓል ሲደርስ ምን እንባባላለን?» «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» አለች። «ሚዛኑ እሱ ነው። የአገር በዓል ማለት በዚያች አገር የሚኖር ሁሉ ለጎረቤቱ እንኳን አደረሰህ ብሎ፣ ጎረቤቱም ሳይቆስል የሚቀበልበት ቀን ነው። የነባሩን ሕዝብ ልጅ በኮሎምበስ ቀን እንኳን አደረሰህ ማለት ይቻላልን?» አልኳት። እኛ ራሳችን ቁስሉን እናውቀዋለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አዲስ አበባን በደም ላጠበው ለግራዚያኒ፣ እ.ኤ.አ በ2012 በኢጣሊያ አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሲሠራለት ሆዳችን አልተቃጠለምን?

ይህ «እንኳን አደረሰህ» የሚለው ቃል በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው ያጣው ሰው ነው። አባቴ ደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። በዒድ ማለዳ ሰላቱን ሰግዶ፣ አዲስ ልብሱን አውልቆ ወደ ሥራው ይሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖቹ «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ወደ ቤታችን ይመጡ ነበር፤ አገሪቱ ግን አትለንም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ሲወጣ፣ ክርስቲያን ወገኖችም አብረውት ሲወጡ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው የበዓል ጉዳይ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ የአገር በዓላት የሆኑት። ስለዚህ በዓል ተራ ነገር ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። የበዓላት ዝርዝር ማለት አገሪቱ ልጆቼ ብላ የቆጠረቻቸው ሰዎች ዝርዝር ነው።

«ታዲያ ምኒልክስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊም ላይ የደረሰውን፣ ሃይማኖትህን ለውጥ ወይም አገርህን ልቀቅ የተባለውን የምናውቅ ሰዎች የነገሥታቱን ስም እንደ ሌላው አንጠራውም። ሆኖም የካቲት 23ን በሙሉ ልቤ አከብራለሁ። ለምን? ቀኑ የተሰየመው በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በድሉ ስለሆነ ነው። በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ስሙ የተጻፈውም ያልተጻፈውም ወድቋል። ሰው ይደንቃል፣ ይሳሳታል፣ ያከራክራል፤ ሁሉ የደከመበት ሥራ ግን የሁሉ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቀንን ለሰው ሳይሆን ለጋራ ሥራ እንስጥ፤ ለሰው የሚገባው እውነተኛ ገጽ ነው። አሳሾቹም መጽሐፎቻቸው ይነበቡ፤ መቃብራቸው አይነካ፤ ያደረጉት መልካሙም ክፉውም ይነገር። ክብረ በዓል ግን ይቅርባቸው።

መልሴን ጨርሼ ረክቼ ነበር። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አልዩ አምባ ወረድን። የአባቴ ታናሽ እህት እድሜያቸው ገፍቶ እዚያው ይኖራሉ። ቡና እየጠጣን ሳለ ያንኑ የሲራራ ነጋዴዎች ወሬ ስቀጥል፣ ለዓመታት በሆዴ የያዝኩት ነገር መጣብኝ። ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሐሪስን መጽሐፍ አግኝቼ አንብቤ ነበር። መጽሐፉ በንቀት የተሞላ ነው፤ ሃይማኖታችንንም ሕዝባችንንም ያዋርዳል። ነገር ግን ከአልዩ አምባ አጠገብ ዐብዱረሱል በተባለው ገበያ ሰው እንደ ከብት ሲሸጥ ማየቱንም ጽፏል። ሻጮቹ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከሽያጩ ቀረጥ የሚሰበስበው ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። ብዙዎቹ ምርኮኞች በዚያው በምንኮራበት የግመል መንገድ ወደ ታጁራ ይነዱ፣ ከዚያም ባሕር ይሻገሩ ነበር። ያን ጊዜ «የጠላት ጽሑፍ ነው» ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት። የዚያን ቀን ግን አክስቴን ጠየቅኋቸው።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እማማን ታስታውሳቸዋለህ?» አሉኝ። እንዴት አላስታውስ! በልጅነቴ በዚያው ቤት በምድጃው ጥግ ተቀምጠው ቡና የሚቆሉ አሮጊት ነበሩ። «አባትህን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እዚህ የመጡት በልጅነታቸው ነው፤ በገበያ ነው የመጡት» አሉ። የወንድሜ ልጅ «ስማቸው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ «እኛ እማማ ነው የምንላቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ማን ጠየቃቸው!» ብለው ወደ መሬት አቀረቀሩ።

ወንድሞችና እህቶች! በሰይዲና ቢላል የማይኮራ ሙስሊም በአገራችን አለን? ባሪያ ሆነው ተገርፈው፣ በአቡበክር (ረ.ዐ) ነፃ ወጥተው፣ የነቢዩ ሙአዚን የሆኑት ሐበሻ ናቸው እያልን ልጆቻችንን እናሳድጋለን። ሃይማኖታችን ባሪያ ነፃ ማውጣትን ከታላላቅ የአምልኮ ሥራዎች ቆጥሮታል። እኛ ግን የቢላልን ወገኖች ቁልቁል ነድተናል። ኮሎምበስን ስለ 500ዎቹ ምርኮኞች ከሰስኩት፤ የአያቶቼን ጭነት ስቆጥር ግን ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ብዬ አቆምኩ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱን-ኒሳእ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆንም እንኳ በፍትሕ እንድንመሰክር አዝዞናል። መደበቁም አልጠቀመንም፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም ሲወርረን ባርነትን ሰበብ አድርጎ ለዓለም ጮኋል። ባርነትን ያስቀረው አዋጅ ድል ከተመለሰልን በኋላ በ1934 ዓ.ም ወጣ፤ የሰዎቹ ስም ግን እስከ ዛሬ በየምድጃው ጥግ እንደተቀበረ ነው።

ለልጅቷ የሰጠኋትን መልስ አልሽረውም። አሁንም ለኮሎምበስም፣ ለሐሪስም፣ ለአንቲኖሪም ቀን ይሰጣቸው አልልም። ነገር ግን አንድ ጨምሬበታለሁ። የሌላውን በዓል በሚዛን ያስቀመጠ ሰው የራሱን ቤት ትዝታም በዚያው ሚዛን ሊያስቀምጥ ይገባዋል። ከልጄ ፊት በአያቶቼ ስኮራ፣ አያቶቼ የሸጧት ሴት የልጅ ልጅ አጠገቤ ብትቆም «እንኳን አደረሰሽ» ልላት እችላለሁን? ካልቻልኩ ኩራቴ ገና ተውበት ይቀረዋል።

በቤታችን በዐረፋ ማለዳ ለሙታኖቻችን ዱዓ ሲደረግ ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል። በዘንድሮው ዐረፋ ከአባቴ ስም በፊት እማማን አስጠራሁ። ትክክለኛ ስማቸውን አላህ ያውቀዋል። አክስቴ «አሚን» ሲሉ ድምፃቸው ከሁላችንም ከፍ ብሎ ተሰማ።

አላህ (ሱ.ወ) የተበደሉትን ይካሳቸው፤ የበደሉትንም ይቅር ይበላቸው፤ እኛንም በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን እውነትን ከሚመሰክሩት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።