ጢስ ዓባይን ያየንበት ቀን

እኛ ባልና ሚስት ነን። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ባልየው ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ማታ ማታ ፊደል ያስተምራል። ሚስትየዋ ልብስ ትሰፋለች፤ ፊደል የቆጠረችው ዘንድሮ ነው።

እሑድ እሑድ ጣና ዳር እንናፈሳለን። ማታ ራት በልተን አብረን እናነባለን።

ጢስ ዓባይን በፋሲካ ለማየት ከመስቀል ጀምሮ ገንዘብ አጠራቀምን። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ማታ ሚስትየዋ ፊደሉን እየለቀመች ከአንድ ትንሽ መጽሐፍ አነበበች። ፏፏቴው ከክረምት በኋላ ይሞላል፤ በበጋ ይቀንሳል ይላል። ባልየው ግን «እሺ፣ እሺ» እያለ እንቅልፍ ወሰደው።

በፋሲካ ማግስት በአውቶቡስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። የጥንቱን የድንጋይ ድልድይ በእግር ተሻገርን። ገደሉ 40 ሜትር ያህል ነው። የሚወርደው ውሃ ግን ቀጭን ነበር። ጢስ የሚመስለው ጉም የለም። ገንዘባችንን አሰብንና ተኮራረፍን።

ኋላ ሚስትየዋ መጽሐፉን አወጣች። የቀረውን አብረን አነበብን። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ መብራት ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ ከፏፏቴው በላይ ብዙ ውሃ ተጠለፈ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የበለስ ማመንጫ ከጣና ውሃ መውሰድ ጀመረ። ለካ ውሃው መብራት ሆኗል! እኛም ማታ የምናነበው በመብራት ነው።

ባልየው አፈረ። ቀስ ብላ ያነበበችው አወቀች፤ ፈጥኖ የሚያነበው አላዳመጠም። አሁን እሷ ስታነብ እሱ ያዳምጣል። በጥቅምት እንደገና እንሄዳለን።

እናንተም ያነበባችሁትን ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። «ገና ጀማሪ ነኝ» ብላችሁ አትፈሩ።